የማርስ ድንጋይ፣ የጋዝጊብላ ግድግዳ

አዲስ አበባ፣ የካቲት 12 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለአባቴ ለመሪጌታ ገብረ አምላክ
ሰቆጣ

አባባ፣ እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ ደህና ነኝ። ሳልጽፍ ይህን ያህል በመቆየቴ ይቅር ይበሉኝ፤ ማተሚያ ቤቱ የተማሪ መጻሕፍት ሥራ በዝቶበት ቀና የምልበት ጊዜ አልነበረኝም።

ረዳትዎ ኪዳኑ የነገረዎት ውሸት አይደለም፤ ግን እሱ እንዳስፈራዎት አይደለም። ኮከብ ቆጠራ አልገባሁም። እዚህ መጥቶ የጠየቀኝ ዕለት ኮምፒውተሬ ላይ ያየው የማርስን ምድር ነው። አሜሪካኖች ወደዚያች ፕላኔት ሁለት ተሽከርካሪዎች ልከዋል። ሰው አልተሳፈረባቸውም፤ በየድንጋዩ መካከል እየሄዱ ፎቶ ያነሳሉ። ፎቶዎቹ እንደደረሱ ማንም እንዲያያቸው ኢንተርኔት ላይ ይለጠፋሉ። ሲለጠፉ ግን ጥቁርና ነጭ ቁርጥራጭ ናቸው፤ አንዱ የድንጋዩን ግራ ጎን ይይዛል፣ ሌላው ቀኙን። በየአገሩ ይህን ነገር የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ ደመወዝ የላቸውም፣ ያዘዛቸውም የለም። ቁርጥራጩን ያጋጥማሉ፣ ቀለም ይሰጡታል፣ አንድ ሰፊ ሥዕል ያደርጉታል። መኪኖቹ ለሄዱበትም መንገድ ካርታ ያወጡለታል።

እኔ የጀመርኩት ለአምስተኛ ክፍል መጽሐፍ የፕላኔት ሥዕል ስፈልግ ነው። ከነዚያ ሰዎች አንዱ የገጣጠመውን አገኘሁ። ከሁለቱ መኪኖች አንዷ ኮረብታ ላይ ወጥታ ወደ ኋላ ስትመለከት ነው፤ የጎማዋ ዱካ ቁልቁል እየቀጠነ ሜዳው ላይ ይጠፋል። ወደ አምደወርቅ ስንሄድ ዳገቱ ላይ አረፍ ብለን ዞር ስንል የምናየውን መሰለኝና ልተወው አልቻልኩም። በማግስቱ የራሴን መገጣጠም ጀመርኩ። እርስዎ ዘንድ ቀለም ስፈጭ ያደግኩ ልጅ ነኝና ቀለሙ አልከበደኝም።

አንዱን አትሜ ልኬያለሁ። የመጀመሪያዬ ስለሆነ አይሳቁብኝ።

ልጅዎ ዓይናዲስ


ሰቆጣ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1998 ዓ.ም.

ልጄ ዓይናዲስ፣

የላክሽው በኪዳኑ እጅ ደረሰኝ። እኛ ደህና ነን፤ እናትሽም ከጥርሷ በቀር ደህና ናት። ለምን አይደውሉም ብለሽ በኪዳኑ የላክሽብኝን ተይኝ። ስልክ ስይዝ የምሰማ ስለማይመስለኝ እጮሃለሁ፤ ቴሌ ቤት የተቀመጠው ሁሉ ጉዳዬን ይዞልኝ ይሄዳል።

ሥዕሉን አየሁት። አትቀየሚኝና በመጀመሪያ ያየሁት ስፌቱን ነው። መካከል ላይ ሰማዩ ድንገት ይጠቁራል፤ ሁለቱ ቁራጮች እዚያ ላይ እንደተገናኙ ያስታውቃል። እኔ የምሥልበትን አቡጀዲ ግድግዳ ላይ ስለጥፍ መገጣጠሚያውን የልብስ እጥፋት የሚወድቅበት ላይ አደርገዋለሁ፤ የሚያይ ሰው እጥፋት ነው ብሎ ያልፈዋል። አንቺም የድንጋይ ጥላ ፈልጊለት።

ደግሞ ሰማዩ እንደ ነጠረ ቅቤ የሆነው በማን ትእዛዝ ነው? እዚያ ቆሞ ያየ ሰው ከሌለ ቀለሙን ማን አወቀው? ይህን ሳትነግሪኝ እንዳትቀሪ።

እኔም ወሬ አለኝ። ጋዝጊብላ ላይ አዲስ የታነጸችውን የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ሣል ተብያለሁ። ሰፊ ናት፤ ግድግዳዋ ገና እርጥብ ነው። ለሁለት ሺህ ዓመት መስከረም ቅዳሴ ቤቷ እንዲከበር ነው የሰበካው ሐሳብ። እደርሳለሁ ብያለሁ። ማለት ቀላል ነው።

ቀለም ያልነካውን አንድ ላኪልኝ። ልሞክረው።

አባትሽ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

አባባ፣ ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል?

ሥዕልዎ ሳይታጠፍ ደረሰኝ። የማተሚያ ቤቱ ሰው ሁሉ ጠረጴዛዬን ከቦ አየው። ድንጋዩን በቀይ አፈር፣ ሰማዩን በደማቅ ሰማያዊ፣ የድንጋዩን ጠርዝ ደግሞ በጥቁር መስመር! ማርስ እንደዚያ አይደለችም፤ እርስዎም ያውቃሉ። እኔ ግን ከሠራኋቸው ሁሉ እሱን እመርጣለሁ።

የጠየቁኝን ልመልስ። መኪናዋ ላይ ከዚህ ሲላኩ ቀለማቸው የታወቀ ትንንሽ ምልክቶች ተለጥፈዋል። እነሱ በፎቶው ላይ ምን እንደመሰሉ እያዩ የቀረውን ይገምታሉ። ቢሆንም እኛ ገጣጣሚዎቹ ሁልጊዜ እንጨቃጨቃለን። አንዱ የቅቤ ነው ይላል፣ ሌላው የገለባ። ጀምበር ስትጠልቅ ግን ሁሉም ይስማማል፤ በፀሐይዋ ዙሪያ ሰማያዊ ይሆናል፤ ከኛው የተገላቢጦሽ።

ሳላስፈቅድዎ አንድ ነገር አደረግኩ። ሥዕልዎን አንስቼ እኛ የምንገናኝበት ገጽ ላይ ለጠፍኩት። ጡረታ የወጣ አንድ የባቡር ሠራተኛ አትሞ ሳሎኑ እንደሰቀለው ጻፈልኝ። አንዲት ሴት መስመሩን ማን እንዳስተማረዎት ጠየቀች። አንዱ ደግሞ «ሰማዩ ስሕተት ነው፣ ይነሳ» አለ። «የአባቴ ነው፣ አይነሳም» ብዬ መለስኩለት። 

የኪዳነ ምሕረት ሥራ ከምን ደረሰ? መወጣጫው ረብራብ ላይ ሲወጡ ኪዳኑ ከሥር ይቁም። ይህን ቃል ይግቡልኝ።

ዓይናዲስ


አስከተማ፣ ኅዳር 8 ቀን 1999 ዓ.ም.

ልጄ፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ። የምጽፍልሽ ከጋዝጊብላ ነው፤ እሑድ እሑድ ብቻ ነው ቤት የምገባው። ክረምቱን ሙሉ ዝም በማለቴ መቆጣትሽ ልክ ነው። ግድግዳው አልደርቅ ብሎኝ ስናደድ ከረምሁ።

ያን የላክሽልኝን፣ ጎማዋ የተሰበረውን ሥዕል ይዤው መጥቻለሁ። አንዱን ጎማ እየጎተተች አፈሩን ስትሰነጥቅ የሚታየውን ማለቴ ነው። ካሉኝ ሁሉ እሱን እወዳለሁ። ቅዳሴ ሲያልቅ ዋርካው ሥር አወጣሁት፤ ሰው ተሰበሰበ።

ቄስ አስማረ፣ «ይህ የት ነው? የኛው የቆላው ዝቋላ ነው?» አሉ።

«አይደለም፤ ሌላ ዓለም ነው» አልሁ።

«ማን አረሰው ታዲያ?»

«ሰው የለበትም። የተሰበረ ጎማ ነው የሰነጠቀው።»

አንዱ ገበሬ ጎንበስ ብሎ ብዙ አየና፣ «ይህን ሁሉ መንገድ የሄዱት ድንጋይ ፍለጋ ነው? እኛ ዘንድ መቼ አነሰና!» አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሳቅ በሳቅ ሆነ። አሁን የዚህ ሰበካ መሪ የሆኑት አለቃ ደጅይጥኑ ግን አልሳቁም። ሥዕሉን ከእጄ ወስደው ወደ ብርሃን አዙረው፣ «የሠራው ማን ነው?» አሉኝ። «ልጄ ናት» አልኋቸው። መልሰው ሰጡኝ።

ከሰበካው ጋር የጀመርሁት አንድ ጉዳይ አለ። ሲያልቅ ትሰሚዋለሽ። እስከዚያ አትጠይቂኝ።

ለመሆኑ ብሩሽ ይዘሽ ታውቂያለሽ?

አባትሽ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 2 ቀን 1999 ዓ.ም.

አባባ፣ በመልካም ጤና ያቆይልኝ።

ስለ ብሩሽ መጠየቅዎ ገርሞኛል። የያዝኩት እርስዎ ሲያጥቡት ተቀብዬ ለማድረቅ ነው። ሰቆጣ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ሲሥሉ እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ አለቃ ደጅይጥኑ «ሴት ልጅ የመቅደስ ግድግዳ አትነካም» አሉ፣ እርስዎም ምንም አላሉም። ይህን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም። የቀለሙን አፈር ፈጨሁ፣ ማዋሃጃውን የእንቁላል አስኳል መታሁ፣ ሌላው የወንዶች ሆነ። አሁን የማንንም ፈቃድ ሳልጠይቅ እሠራለሁ።

የምሥራቹን ልንገርዎት። በየአገሩ ያለነው ገጣጣሚዎች ተስማምተን አንድ ትልቅ ካርታ ልናወጣ ነው፤ መኪናዋ ከወረደችበት ጀምሮ የሄደችበት መንገድ፣ እያንዳንዱ ድንጋይ ሳይቀር። መንገዱ ተከፋፍሎ ለየሰው ተሰጠ። ለእኔ የደረሰኝ አሁን ያለችበት ነው፤ ከኮረብታው ማዶ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ዙሪያ። የደረሰኝ በእርስዎ ሥዕል ምክንያት ይመስለኛል። ክረምት ላይ ማስረከብ አለብኝ። ፎቶው ገና እየመጣ ስለሆነ እግር በእግር እየተከተልኩ ነው የምሠራው።

ስለ ትዳር ለእማዬ የምመልሰው ያው የአምናውን ነው። ይሳሙልኝ።

ዓይናዲስ


አስከተማ፣ ግንቦት 19 ቀን 1999 ዓ.ም.

ልጄ፣ የካርታሽን ነገር በሰማሁ ጊዜ ደስ አለኝ፤ እናትሽም በአገውኛዋ፣ በኽምጣና መረቀችሽ። እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ ደከም ብሏል እንጂ ሌላ የለብኝም።

ክረምቱን ነይ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ማተሚያ ቤቱም ሥራ ይቀንሳል ብለሽኝ ነበር። ከሰኔ መጨረሻ እስከ ቅዳሴ ቤቱ ብትቀመጪ ይበቃል። የምዕራቡ ግድግዳ ባዶ ነው። ሰው ያስፈልገኛል፣ ነይና አግዢኝ።

ሌላውን ስትመጪ እነግርሻለሁ።

አባትሽ


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 11 ቀን 1999 ዓ.ም.

አባባ፣ ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ምን ብዬ እንደምመልስ ቸግሮኝ ነው የዘገየሁት።

መምጣት እፈልጋለሁ። ግን የካርታዬ ማስረከቢያ በነሐሴ ነው፤ ሰቆጣ ደግሞ ለዚህ ሥራ የሚሆን ኢንተርኔት የለም። አንዴ ከወጣሁ ድርሻዬን ለሌላ ይሰጡታል። በሕይወቴ «ይህ የዓይናዲስ ነው» ተብሎ የተሰጠኝ ሥራ ይህ ብቻ ነው። ቀለም የሚፈጭ ሰው ጋዝጊብላ አይጠፋም፤ ኪዳኑም አለ። ለጥቅምት እመጣለሁ፤ ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ ሥራዎን አያለሁ።

እንዳይከፋዎት። ደግሞ ረብራቡ ላይ ይጠንቀቁልኝ።

ዓይናዲስ


አስከተማ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1999 ዓ.ም.

ልጄ፣ ደግ ነው። ሥራሽን ጨርሺ። ጥቅምትም ሩቅ አይደለም።

አባትሽ


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 4 ቀን 1999 ዓ.ም.

አባባ፣ ዝም አሉኝ። ካለፈው ደብዳቤዎ ወዲህ ሁለቴ ጻፍኩ። ኪዳኑም አልደወለም። ተቀይመውኝ ከሆነ ተቀይሜሻለሁ ብለው ይጻፉልኝ።

እዚህ የሆነውን ልንገርዎት፤ ይስቁብኝ እንደሆነ። ማርስ ላይ የአቧራ ማዕበል ተነሳ። ፀሐይዋ ተሸፈነች። መኪኖቹ ኃይላቸው ከፀሐይ ስለሆነ እንዳይሞቱ ዝም ብለው እንዲቆሙ ተደረገ። ፎቶ የለም ማለት ይቻላል፤ አልፎ አልፎ የምትመጣውም ጭጋግ ብቻ ናት። ክረምቱን ሙሉ ሳይንቀሳቀስ በቀረ ነገር ፊት ተቀምጬ ከረምኩ። የካርታው ማስረከቢያም ለሁሉም ተራዘመ።

መምጣት እችል ነበር ማለት ነው። እኔ እዚህ ስጠብቅ እናንተ ዘንድ ዝናቡም ሥራውም እያለፈ ነው። አሁን ልምጣ? አንድ ቃል ይበቃኛል።

ዓይናዲስ


ሰቆጣ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1999 ዓ.ም.

ልጄ ዓይናዲስ፣

ጽሕፈቱ የእኔ እንዳልሆነ ታያለሽ፤ ኪዳኑ ነው የሚጽፍልኝ። አትደንግጪ። በሐምሌ ማብቂያ ከረብራቡ ላይ ወደቅሁ። ቀኝ ክንዴን ነው። ወጌሻም አይቶኛል፣ ሆስፒታልም ገብቼ ወጥቻለሁ። እንጀራ በግራ እጄ እየቆረስሁ ነው። ያልነገርሁሽ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ ነው፤ ማዕበሉን መች አወቅሁ። አልተቀየምሁሽም። ለአዲሱ ዓመት እንኳን አደረሰሽ።

አባትሽ

እኅት ዓይናዲስ፣ ይህን የምጨምረው እኔ ኪዳኑ ነኝ። እሳቸው ተኝተዋል፤ ሳላስነብባቸው ነው የማሽገው።

ክንዳቸው አይመለስም ተብሏል። ጣቶቻቸው አይታዘዙም። የወደቁ ዕለት እኔ ውኃ ልቀዳ ሄጄ ነበር፤ ይጠብቁኝ ብያቸው ነበር። ግን ከዚህ ሌላ ልታውቂው የሚገባ አለ። ያን የምዕራቡን ግድግዳ ለአንቺ ነበር ያስቀመጡት። ለመፍጨት አይደለም፣ ለመሣል። ለወራት ከሰበካው ጋር የተከራከሩት ለዚህ ነው። አለቃ ደጅይጥኑ እንቢ ሲሉ ያንቺን የማርስ ሥዕሎች አውጥተው ወለሉ ላይ ዘረጉላቸው። «ስደቱን ትሥላለች፤ እመቤታችን በበረሃ ስትሰደድ። ይህን ያህል የበረሃ ድንጋይ ያየ ሠዓሊ ከየት ታመጡልኛላችሁ?» አሏቸው። አለቃ ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ «ትሣል። አባቷ ከጎኗ ይቁም» አሉ። ይህ የሆነው በግንቦት ነው። የዚያኑ ሳምንት ነው ነይ ብለው የጻፉልሽ። ለምን አልነገሩኝም ብትይኝ፣ ጠይቄያቸዋለሁ። «ግድግዳው ፊት አቁሜ ልነግራት ነው» አሉኝ።

ሰበካው ከላስታ ሌላ ሠዓሊ አስመጥቷል። ሥራውን ጀምሯል።

ኪዳኑ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2000 ዓ.ም.

አባባ፣

በሰላም ገባሁ። ወልድያ ላይ አውቶቡሱ ተበላሽቶ ከማደራችን በቀር መንገዱ ደህና ነበር።

ቤት በነበርኩበት ሰሞን የልቤን አልተናገርኩም፤ እርስዎም አልተናገሩም። እማዬ በመካከላችን ተቀምጣ ስለ ጥርሷ አወራችን። ስለዚህ ልጻፍ።

ቅዳሴ ቤቱ ዕለት እርስዎ ከካህናቱ ጋር ነበሩ፣ እኔ በሴቶቹ በኩል ቆሜ ነበር። እርስዎ የሠሩትን ሁሉ አየሁ። ከዚያ ወደ ምዕራቡ ዞርኩ። ሰውየው መጥፎ ሠዓሊ አይደለም። አህያዋን ጥሩ አድርጎ ሥሏታል፤ ጆሮዋን ጥላ መንገዱን የጠላችው ትመስላለች። ዮሴፍም ደክሞታል። መሬቱ ግን ወጥ አረንጓዴ ነው። አንድ ድንጋይ የለበትም። እዚያ ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እልል ሲል፣ በልቤ ድንጋይ ስደረድር ነበር፤ ይህ እዚህ ቢሆን፣ ጥላው ወደዚያ ቢወድቅ፣ ኮቴው አፈሩን ቢሰነጥቀው እያልኩ። አጠገቤ የነበሩት እትዬ ውዴ እንባዬን አይተው፣ «ልጄ፣ ኪዳነ ምሕረት ትስማሽ» አሉኝ። የማለቅሰው በእምነት መስሏቸዋል። አፈርኩ።

አለቃ ደጅይጥኑ ቅጥሩ ውስጥ አገኙኝ። «ጠብቀንሽ ነበር» አሉኝ።  ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ምን ልሠራ እንደምመጣ ባንድ መስመር መጠየቅ አቅቶኝ ነበር? አልጠየቅኩም። ከደብዳቤዎ ውስጥ መፍጨትን ብቻ ሰማሁ፤ ቂሜ ነው ያሰማኝ። እኔ ከሥር ብቆም ኖሮ ያን ረብራብ ብቻዎን አይወጡም ነበር።

ዓይናዲስ


ሰቆጣ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2000 ዓ.ም.

ልጄ፣

አሁንም የሚጽፈው ኪዳኑ ነው። ያን ጊዜ በጀርባዬ የጨመረልሽን ነግሮኛል፤ ተቆጥቼው አበቃሁ።

ይቅርታ መጻፍሽን ተይ። የወደቅሁት እንጨቱ ስለበሰበሰና እኔ ስለቸኮልሁ ነው። ብትኖሪም ሁለታችን እንወድቅ ይሆናል። የእኔ ጸጸት ሌላ ነው። «ልትሥዪ ነይ» ብዬ መጻፍ እችል ነበር። ቃሉ አጭር ነበር፣ ቀለሙም አላለቀብኝም። ፊትሽን ለማየት ስል አስቀረሁት። ፊትሽን ያየሁት ግን ቅዳሴ ቤቱ ዕለት ነው፤ ከካህናቱ መካከል ሆኜ አየሁሽ። እንባሽን እትዬ ውዴ ብቻ አይደሉም ያዩት።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ካርታው አለቀ ወይስ አላለቀም? ኪዳኑ ከተማ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ፈልጎ፣ ስምሽ ከሥሩ ተጽፎ እንዳየ ነገረኝ። ለእኔ ግን አልላክሽልኝም። ለምን? የሚያሳፍር ነገር አለው? ያለ ሥራ ተቀምጫለሁ፣ የማየው እፈልጋለሁ። ትልቅ አድርገሽ አትሚልኝ።

አባትሽ


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 7 ቀን 2001 ዓ.ም.

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ?

የካርታውን አዲስ እትም ለእማዬ ከገዛሁት ነጠላ ጋር ጠቅልዬ ልኬያለሁ። መኪናዋ አሁን የት እንደደረሰች ጠይቀውኛል። አሸዋ ውስጥ ሰምጣለች። ከላይ ጠጣር የመሰለ መሬት ነበር፤ ከሥሩ እንደ ዱቄት የላመ አፈር ሆኖ ተገኘ። ልትወጣ በሞከረች ቁጥር ይብሳል። አሜሪካ ያሉት ሰዎች የእሷን አምሳያ አሸዋ ውስጥ አስገብተው እንዴት እንደሚያወጧት እየሞከሩ ነው። ትወጣለች ብዬ ልዋሽዎት አልፈልግም። ገጣጣሚዎቹ ያለችበትን ሥፍራ ደጋግመን እየሠራነው ነው፤ ሌላ የሚመጣ ስለሌለ።

ሌላም ነገር አለ፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ልነግርዎት እያልኩ የተውኩት። መሣል ጀምሬያለሁ። በኮምፒውተር አይደለም። ሰሌዳ አስጠርቤ፣ አቡጀዲ ለጥፌበት፣ ከሰቆጣ ይዤው በመጣሁት ቀይ አፈር። ስደቱን ነው የምሥለው። መሬቱ አልቋል። ድንጋዩ ሁሉ በየቦታው ተቀምጧል፤ እሱ አልቸገረኝም። አህያዋም መጥታለች። እመቤታችን ግን ፊቷ ባዶ ነው። ዓይኑን ስንት ጊዜ ጀምሬ አጠፋሁት። ወይ የተቆጣ ይሆናል፣ ወይ የሞተ። ዕድሜዬን ሙሉ ከጎንዎ ቆሜ ዓይን ሲሥሉ አይቻለሁ፤ ከየት እንደሚጀምሩ ግን አላየሁም። ያን ጊዜ ዓይኔ ቀለሙ ላይ ነበር፣ እንዳይደርቅ።

መጥቼ ልመልከት ብል እጅዎ አያሳየኝም። ይህን መጻፌ ራሱ ጭካኔ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። በቃል ሊነግሩኝ ይችላሉ?

ዓይናዲስ


ሰቆጣ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2001 ዓ.ም.

ልጄ ዓይናዲስ፣

ይህን የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ በግራ እጄ። ፊደሉ እንደ ጀማሪ ተማሪ ፊደል ተንጋዷል። ኪዳኑ ልጻፍልዎ ሲለኝ እንቢ አልሁት፤ ይህን ለሌላ ሰው ነግሬ ማስጻፍ አልሆነልኝም። ስለዚህ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ጭካኔ አይደለም። ከወደቅሁ ወዲህ ስለ ሥራዬ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሁሉም ስለ ክንዴ ይጠይቃል።

ዓይን የሚጀመረው ከላይኛው ሽፋን ነው። አንድ መስመር፣ ሳታነሺ። ከአፍንጫው በኩል ጀምሪና ወደ ጆሮ ውሰጂው፤ ሲነሳ ወፍራም፣ ሲያልቅ ቀጭን ይሁን። እስትንፋስሽን ይዘሽ አትሥዪ፤ እጅ ይደርቃል። እየተነፈስሽ ሥዪው። የታችኛውን በመጀመሪያው ቀን አትንኪው። ይደር። በማግስቱ ጥቁሩን ክብ ከላይኛው ሽፋን ላይ አንጠልጥዪው፤ ከሥር እንዳይነካ። ከሥር ከነካ የደነገጠ ይሆናል፤ ያንቺ የተቆጣ የሚመስለው ለዚህ ይሆናል። ሁለቱም ዓይኖች ወደ ልጇ ይዩ እንጂ ወደ መንገዱ አይዩ። የታችኛውን መስመር መጨረሻ አድርጊው፤ ብሩሹን ጠርገሽ፣ ቀለሙ ሊያልቅ ሲል፣ ዳሰስ ብቻ።

ይህን እጅሽን ይዤ ላሳይሽ ይገባኝ ነበር። ከምዕራቡ ግድግዳ ፊት እንደዚያ ሳደርግ አልሜ ነበር፤ ስንት ቀን እንደሆነ አልነግርሽም። አሁን ያለኝ ቃል ብቻ ነው። ቃል ደግሞ እጅ አይሆንም። የገባሽን ያህል ውሰጂ።

ካርታሽ ደርሷል፤ አልጋዬ ትይዩ ነው። እናትሽ ነጠላውን ለብሳለች።

የመጀመሪያው ይበላሽብሻል። አትፋቂው፣ አትጣዪው። እንደተበላሸ ላኪልኝ።

አባትሽ ገብረ አምላክ